መመሪያ የማያነቡት ኢንጂነር

ውሃ የማይመጣበት፣ መብራት በየሰዓቱ የሚጠፋበት፣ ፖስተኛ ዝር የማይልበት ሰፈር ሞልቷል። «እስቲ እኔ ልየው» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ይህ ሰው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው። ዕቃህ መበላሸቱን ካንተ ቀድሞ ያውቃል። አንዳንዴ ደግሞ ዕቃው የሚበላሸው እሱ ካየው በኋላ ነው።

የኛው ክቡር ኢንጂነር ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ የለም፤ እኛው ነን የሾምናቸው፣ ግማሹን በምስጋና፣ ግማሹን በሽሙጥ። አርባ ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ አንዲት ልጃቸውም አግብታ ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው። እንግዲህ ጊዜ አላቸው፣ ካቻቢቴ አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው። ለአንድ ሰፈር ጥፋት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

የምንኖረው ግድግዳ ለግድግዳ በተጣበቁ ሰባት ቤቶች ውስጥ ነው፤ እኔና ባለቤቴ ከኢንጂነሩ ቀጥሎ ነን። እጃቸው ያልገባበት ቤት የለም። አንድ ጊዜ የባለመድኃኒት ቤቱ ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፋ። ኢንጂነሩ ከምሳ እስከ ማታ ሲፈቱትና ሲገጥሙት ዋሉ። ድምፁ መጣ፤ ሰዎቹ ግን አረንጓዴ ሆኑ። ዜና አንባቢዋ አረንጓዴ፣ ሚኒስትሩ አረንጓዴ፣ ኳስ ተጫዋቾቹማ ከሜዳው የሚለያቸው ጠፋ። ባለመድኃኒት ቤቱ ይህን ሲነግራቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩና፣ «ደህና ነው እኮ። አንተ ቀኑን ሙሉ ክኒን ስትቆጥር ስለምትውል ዓይንህ ደክሞ ነው» አሉት። ሰውየው ገራገር ነው፤ መነጽሩን ቀየረ።

ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህርት ደግሞ የበራቸውን ደወል አሠሩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ደወሉን በተጫነ ቁጥር የኩሽናው መብራት ይጠፋል። ርዕሰ መምህርቷ አልተማረሩም። ድንች እየላጡ ድንገት ጨለማ ሲውጣቸው፣ «ሰው መጣ» ብለው ቢላዋውን ያስቀምጡና እየዳበሱ ወደ በሩ ይሄዳሉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ፊት ለፊት የሚነግራቸው የለም። እንዴት ብሎ ይነግራቸዋል? ሥራውን የሚሠሩት በሙሉ ልባቸው ነው፤ የሚቀበሉትም ስኳር የሌለው አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነው። ሲጨርሱ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ዕቃውን አንዴ መታ መታ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ፊታቸውን ያየ ሰው እንኳን ወቀሳ ምስጋናም ያንቀዋል።

ሦስት አባባሎች አሏቸው። ዕቃውን ገና ሳይነኩ «እቺማ ቀላል ናት» ይላሉ። የመመሪያውን መጽሐፍ ሲያቀርቡላቸው «መመሪያ የሚያነብ ሰው በእጁ የማይተማመን ሰው ነው» ይላሉ። ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ ነው። ዕቃው ላይ ጽሑፍ ብልጭ ባለ ቁጥር ወደ ባለቤቱ ዞረው፣ «ምን ይላል? አንተ አንብበው፤ ካልተማርክ ነገ እኔ ስሞት ምን ልትሆን ነው?» ይላሉ። ባለቤቱም በገዛ ቤቱ እንደ ተማሪ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል። ርዕሰ መምህርቷን እንኳ ሳይቀር አስነብበዋቸዋል።

ዋይፋይ ሰፈራችን ሲገባ ኢንጂነሩ ወጣትነታቸው የተመለሰ መሰላቸው። ከየዋይፋዩ ሳጥን ሥር፣ ጉንዳን የሄደበት በሚመስል ደቃቅ ጽሑፍ፣ ለየቤቱ የተለያየ ስምና ፓስወርድ ተለጥፎ ነበር። እሳቸው ያን ወረቀት ዞር ብለው አላዩትም። በየቤቱ ገብተው የሰባቱንም ሳጥን ስምና ፓስወርድ አንድ ዓይነት አደረጉት። ስሙም ፓስወርዱም የኪቦርዱ መሃለኛ ተራ ነው፤ ከግራ ጀምሮ፣ ሳይዘሉ፣ ስምንት ፊደል።

«ሌባ ከባድ ፓስወርድ ነው የሚፈልገው» አሉን። «ቀላሉን አይጠረጥረውም።»

ባለቤቴ፣ «ሰባት በር በአንድ ቁልፍ ተከፍቶ መጨረሻው አያምርም» ብላኝ ነበር። እኔ በተፈጥሮዬ ጨለምተኛ ነኝ፤ መጨረሻው ያማረ ነገር ብዙም ስለማላውቅ ዝም አልኳት።

ወደ ፕሪንተሩ ልምጣ። እንጀራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ አበላሸዋለሁ። ስክሪን ላይ ስህተት አይታየኝም፣ ወረቀት እፈልጋለሁ። አሳታሚዬ ከዚህ በኋላ ወረቀት አልክም፣ በኢሜይል ነው የምልክልህ ሲለኝ ፕሪንተር መግዛት ግድ ሆነ። ለካስ ኢንጂነሩ ሰምተው ኖሯል።

«የኔን ዓይነት ግዛ፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ገዛሁ። ካርቶኑን ገና ከበር ሳላስገባ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ለገመድ አልባ ፕሪንተር ካቻቢቴ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም።

«እቺማ ቀላል ናት» አሉ።

«ጋሼ፣ መመሪያው ይኸውልዎ።»

«መሳቢያ ውስጥ ክተተው።»

ፕሪንተሩን እንደ ታማሚ ሆድ በመዳፋቸው ዳበሱት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ተጫኑት። ትንሿ መስኮት በራች።

«ምን ይላል? አንተ አንብበው።»

«ኔትወርክ ይምረጡ ይላል።»

«ምን ምን አለ?»

«አንድ ስም ነው ያለው ጋሼ። አራት ጊዜ ተደጋግሟል።»

«አንዱን ንካው።»

«የትኛውን?»

«ሁሉም የኔ ሥራ ነው፤ ምን ያማርጥሃል?»

ነካሁት። አልተገናኘም አለ። ሁለተኛውን ነካሁ። እሱም እንደዚያው። ኢንጂነሩ አጠፉት፣ አበሩት፣ ነቀሉት፣ ሰኩት። ፕሪንተሩ ከጠረጴዛ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ አልጋችን ሄደ። ሦስተኛ ሰዓታችን ላይ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «የኔ እመቤት፣ ማቀዝቀዣውን ንቀይልን፤ ጨረሩን እየጠጣብን ነው» አሏት።

«ማቀዝቀዣ ዋይፋይ ይጠጣል እንዴ ጋሼ?»

«ያልለመደው ነገር የለም።»

ነቀለችው። ምን ይደረግ፣ ፕሪንተሩ ወዲያው ተገናኘ። ኢንጂነሩ ወደ እኔ እንኳ አላዩም፤ ድል የለመደ ሰው አይመጻደቅም። የሙከራ ገጽ እንዳትም አዘዙኝ። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፣ አቃሰተ፣ አንድ ወረቀት ተፋ። ኢንጂነሩ አነሱት፣ በሁለት እጃቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉት፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ጥርት ብሎ ወጥቷል» አሉ።

ወረቀቱ ላይ ምንም አልነበረም። ነጭ ባዶ ነው። ባለቤቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ከንፈራችንን ነክሰን ቻልነው። ሻያቸውን ጠጥተው ሲወጡ ክዳኑን ከፈትኩት፤ ከቀለሙ ሳጥን ላይ መነሣት የነበረበት ብርቱካንማ ላስቲክ እንደታሸገ ነው። ላጥኩትና ማተም ጀመረ። ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ሶፋው ላይ ወድቀን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። «ጥርት ብሎ ወጥቷል» እያልን ለሳምንት ያህል ተቀባበልነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሰኞ ከምሳ በኋላ ሥራዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ፕሪንተሩ ሳልነካው ተነሣ። አንድ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱን ሙሉ የያዘ፣ ሕፃን ከሩቅ ቆሞ ሊያነበው የሚችል አንድ ቃል ነበር፤ «አባዬ» ይላል።

ባለቤቴ ከኔ ቀድማ አነሣችው። እኛ ልጅ የለንም። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች።

«አባዬ የምትልህ ማናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሁለተኛው ወረቀት ወጣ። «ደህና ነህ» ይላል። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ተከተሉ። ሁሉም አንድ ወይ ሁለት ቃል ብቻ፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ የሚያክሉ። ባለቤቴ ክንዷን አጣምራ ከአጠገቤ ቆመች፤ የትዳራችን ዕድሜ ከወረቀቱ ጋር እየተቆጠረ መሰለኝ። ወረቀቶቹን በተርታ ሳሎኑ ወለል ላይ ደረደርናቸውና ከሶፋው እስከ በሩ እየተራመድን አነበብን።

«አባዬ፣ ደህና ነህ? የዓይን ሐኪሟ ደወለችልኝ። ሁለት ቀጠሮ አልፎሃል። የመጨረሻው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ከቀረህ ቦታህን ለሌላ ይሰጣሉ። ግራው ካልታከመ እንደ ቀኙ ይጠፋል። እኔ ልወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል፣ መምጣት አልችልም። ለጎረቤቶችህ ንገራቸው። እባክህ አባዬ፣ እንደማታይ ንገራቸው።»

ባለቤቴ ክንዷን ፈታች። ሁለታችንም ወደ አንድ ግድግዳ ዞርን።

ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ይሰማል። ክዳን ይከፈታል፣ ክዳን ይዘጋል። መታ መታ ይደረጋል። ትንሽ ዝም ይልና ይደገማል። ከዚያ የኛ ፕሪንተር እንደገና ተነሣና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ «አባዬ»። ኢንጂነሩ ከራሳቸው ፕሪንተር ፊት ቆመው ልጃቸው በኢሜይል የላከችላቸውን ደብዳቤ እየጠበቁ ነው። ደብዳቤው እዚህ እየወጣ፣ እሳቸው እዚያ እየላኩ፣ ሦስት ጊዜ ሙሉ ታተመ። አራተኛው ላይ ወረቀታችን አለቀ።

እንዴት እንደሆነ ለማወቅ መመሪያውን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ዐሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ። ያን ቀን ጠዋት ባለቤቴ አቧራ ስታራግፍ የዋይፋይ ሳጥናችንን በጋራው ግድግዳ በኩል ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች። የኢንጂነሩ ኮምፒውተር ስሙም ፓስወርዱም አንድ ስለሆነበት የኛን ሳጥን የቤቱ መስሎት ገባ። ገብቶም የራሱ ፕሪንተር ወንድም የሆነውን ፕሪንተራችንን አገኘ። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር፤ የኛው አፍም አወጣ።

የቀረውን ለመረዳት ግን መመሪያ አላስፈለገኝም። ከሳጥኑ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያላነበቡት ማንበብ ስላልቻሉ ነው። አረንጓዴው ቴሌቪዥን ደህና የመሰላቸው ለዚህ ነው። ባዶውን ወረቀት በአውራ ጣታቸው የዳሰሱትም ለዚህ ነው። «አንተ አንብበው» ሲሉን ትምህርት የሚሰጡን መስሎን ተነጫነጭን እንጂ፣ አንዳችንም ለምን አላልንም። በሕይወቴ ብዙ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ግን የለም። ሥራው ስህተት መፈለግ የሆነ ሰው አጠገቡ ያለውን ሳያይ ዓመታት ኖረ።

የሳጥናችንን ስም ቀይሬ ዝም ማለት እችል ነበር። ደብዳቤው ቤታቸው ይወጣ ነበር፤ ክብራቸውም አይነካም። ባለቤቴን ሳማክራት፣ «ሁለቱን ቀጠሮ ያስቀራቸው የፕሪንተር ብልሽት አይደለም። ሦስተኛውንም ይቀራሉ። ተነሥና ውሰድላቸው» አለችኝ።

አንዱን ቅጂ ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው ከገባሁ ቆይቼ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚመጡት እሳቸው ናቸው። አዝራር የሞሉ ማሰሮዎች መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል፤ አንዱ አንገት ላይ አንድ ላስቲክ፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ሦስት ታስሯል። ከአልጋው እስከ በሩ ክር ተዘርግቷል። ፕሪንተሩ አጠገብ ትልቅ ማጉያ መስታወት ተቀምጧል።

«ምን ተበላሸባችሁ?» አሉኝ፣ ከድምፄ አውቀው።

«ምንም ጋሼ። ወረቀት ይዤልዎ መጥቼ ነው።»

ተቀበሉኝ። በጣታቸው ውፍረቱን ለኩ። የሰጠኋቸው ምን እንደሆነ የገባቸው በዚያ ነው፤ በትልልቅ ፊደል ታትሞ እንዲህ የሚወፍር ደብዳቤ የሳቸው ብቻ ነው።

«አንብበኸዋል?»

«ወረቀት ካገኘሁ አነባለሁ ጋሼ፤ በሽታዬ ነው።»

«ስህተት አለው?»

«ሁለት ቦታ አራት ነጥብ ረስታለች። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ እንዳለዎት ግን አልረሳችም።»

«እናቷም እንደዚያው ነበረች» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አልሄድም» አሉኝ።

«ለምን?»

«ጠጋኝ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ስለማውቅ ነው። የባለመድኃኒት ቤቱ ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሃል? የርዕሰ መምህርቷን ኩሽና አላውቅም? ያንተ ወረቀት ባዶ እንደነበረም ዐውቄያለሁ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ስትስቁ ሰማኋችሁ።»

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን ለወቀሳ አልነበረም ያነሡት።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ያን ሁሉ ስፈታ እርግጠኛ ነበርኩ። ቀላል ነው ብዬ ነው የከፈትኩት። ሐኪሟም መጀመሪያ ያየችኝ ጊዜ ምን አለችኝ መሰለህ? ቀላል ነው አባቴ፣ አለችኝ። ከወንበሩ ተነሥቼ ወጣሁ። አሁን ትንሽ ትንሽ ብርሃን አለኝ። እሷ ከፍታ ብታበላሸውስ? ዓይን እንደ ደወል አይደለም።»

ክቡር ኢንጂነር ማበላሸታቸውን ከአንደበታቸው ለመስማት ስንት ዓመት ተመኝቼ ነበር። ስሰማው ግን ደስ አላለኝም።

«የኔ ፕሪንተር እኮ በደንብ ነው የሚሠራው» አልኳቸው።

«የኔን ደብዳቤ ባንተ ቤት እያተመ?»

ካቻቢቴያቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንሥቼ አገላበጥኩት። ከዚያ ያለችኝን አንዲት ነገር ተናገርኩ።

«ሐኪሟ ግን መመሪያ ታነባለች ጋሼ። ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀምጣ ያነበበችው እሱን ነው።»

ከንፈራቸው ሊስቅ ሞክሮ ተመለሰ። ወረቀቶቹን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ፣ ጠርዛቸውን አገጣጠሙ።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው አልከኝ?»

ሐሙስ ሄድን። ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን፣ ቁጡ ናት። የቀኙን አይታ፣ «ይኼ ከሁለት ዓመት በፊት ነበር መምጣት የነበረበት» አለች። እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው። ልጃቸው የመሰልኳት ይመስለኛል፤ አይደለሁም አላልኩም። ቀኙ አብቅቶለታል። ስለ ግራው፣ እንሞክራለን ብቻ ነው ያለችው፤ ቀላል ነው አላለችም። ኢንጂነሩ ይህን ሲሰሙ እጄን ለቀው ቀዶ ሕክምናው ክፍል ብቻቸውን ገቡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አራት ሰዓት ግድግዳ አየሁ። መጥፎ መጥፎውን ማሰብ ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ግን ልማዴን ፈራሁት።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ ከአልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። ነርሷ ጨርቁን ቀስ ብላ ገለጠች፣ ዓይናቸውን ጠረገች፣ ወደ ጎን ሆነች። ግድግዳው ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ፊደል የተደረደረበት ሰንጠረዥ ተሰቅሏል።

«አባቴ፣ ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ» አለች።

ኢንጂነሩ ዓይናቸውን አርገበገቡ። እንባቸው ወረደ፤ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ወደ ሰንጠረዡ ግን አልዞሩም። እኔን ያዩ ጀመር፤ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን።

«አንተ ሸብተሃል» አሉኝ።

«ከሸበትኩ ቆየሁ እኮ ጋሼ።»

«እኔ በጥቁር ፀጉርህ ነበር የማስብህ» አሉ፤ ድምፃቸው ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

ነርሷ ሰንጠረዡን እያሳየች ሁለት ሦስት ጊዜ ጠራቻቸው። እሳቸው ግን ገና እኔን አይተው አልጨረሱም።